ጋዝ የማይገባበት ቤት

በአባቴ ላይ ጥርሴን የነከስኩት በስቶቭ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ሰው በቤት ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፤ እኔ ግን ገና ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ከወለደኝ ሰው ጋር የተቆራረጥኩት “ጋዝ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?” በሚል ክርክር ነው። ለሃያ ሁለት ዓመትም አልታረቅኩትም። በፊቱ እስቃለሁ፣ ስንገናኝ ጉንጩን እስማለሁ፣ ሲያመው መድኃኒት እገዛለታለሁ፤ ሆዴ ግን አልተከፈተለትም ነበር።

እናቴ “ጉንዳን” ትለኝ ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ። ቆሜ እበላለሁ፣ እየዞርኩ አጠናለሁ፣ ተኝቼም እግሬ ብርድ ልብሱን ሲረግጥ ያድራል። አሁንም ይህን የምጽፈው ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው፤ ጉዳዩ ራሱ አያስቀምጥም።

እናቴ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ አብሳይ ነበረች። በየቀኑ ሦስት መቶ ሰው ከእጇ ይበላል። አባቴ ኤሌክትሪሺያን ነው። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሽቦ ቁርጥራጭና መፈተሻ አይጠፋም፤ እናቴ ልብሱን ስታጥብ “ይህ ሰውዬ እኮ አንድ ቀን ራሱ ይበራል” እያለች ትስቃለች። እንግዲህ ሁለት ሙያ በአንድ ቤት ነው፤ የጠቡ መነሻ ይኸው ነው ብዬ አመንኩ። የአብሳይዋ ጋዝና የኤሌክትሪሺያኑ ኤሌክትሪክ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ተሳስቶ የሚገባውም ለዚያ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት ላይ እናቴን ክፉ ጉንፋን ጣላት። ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሳች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ለቀቃት፤ አፍንጫዋ ግን ማሽተት አቆመ። ሽንኩርት ቢቁላላ፣ ወተት ቢያር፣ ጨርቅ ቢቃጠል አይሸታትም። ይህን የሚያውቁት እሷ፣ አባቴና አንድ ሐኪም ብቻ ነበሩ። የተበላሸ ሥጋ ከደህናው በአፍንጫዋ የማትለይ ሴት ለሦስት መቶ ሰው አታበስልም፤ ከታወቀባት ከምድጃው ላይ ትነሳለች። ስለዚህ ደበቀች። እኔም ይህን ሁሉ የሰማሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ያኔ እኔ የማውቀው ሌላ ነው። እናቴ ከተኛችበት ስትነሳ ሙያ ልታስተምረኝ ወሰነች።

“ነይ እስቲ ጉንዳን፣ ይህን ወተት አሽትቺው። ምን ይላል?”

“ደህና ነኝ ይላል።”

“ይሄስ ቅቤ?”

“ትንሽ… የቆየ ካልሲ ይላል።”

“ጎበዝ!” ብላ ግንባሬን ትስመኛለች፤ ቅቤውም ወዲያው ይደፋል። ክፍል ውስጥ “አርፈሽ ተቀመጪ” ከመባል በቀር ምንም ምስጋና የማታውቅ ልጅ፣ ድንገት በቤቷ ባለሙያ ሆነች። ኩራቴ ለብቻው ወንበር ያስፈልገው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራዋ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። ቅዳሜ የሳምንቱ ሥጋ፣ ዘይትና ቅቤ የሚገባበት ቀን ነው። ዕቃ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሲሚንቶው ወለል ሁሌም እርጥብ ነው። እናቴ ሥጋውን የምታገላብጥ መስላ ትቆማለች፤ እኔ ከጎኗ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ። ደህና ከሆነ ቀሚሷን አንድ ጊዜ ጎተት፣ ካልሆነ ሁለት ጊዜ። “ይህ የእኔና የአንቺ የሙያ ምስጢር ነው” ብላኛለች። እኔም የሁሉም አብሳይ ልጅ እንዲህ የምትሠለጥን ይመስለኝ ነበር። በሌላው ቀን ብቻዋን እንዴት ትወጣው እንደነበር ሳስብ ዛሬም ላብ ያጠምቀኛል።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ትልቅ ሴትዮ ነበሩ። አምስት ሽንኩርት እንኳ ሳይመዝኑ ስለማያስቆርጡ ሠራተኛው ከኋላቸው “ሚዛን” ይላቸዋል፤ ከፊታቸው ግን “እትዬ” ናቸው።

“ይህች ልጅ በዕቃ ቤት ውስጥ ምን ትፈልጋለች?” አሉ አንድ ቀን፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ።

“ሙያ ልታይ ነው እትዬ። ቤትም ብቻዋን ናት” አለች እናቴ፤ ድምጿ ቀጠነ።

“ልጅ ሙያ የምታየው ከምድጃው ዳር ነው፣ ሥጋ ማንጠልጠያው ሥር ምን አላት?” ብለው አለፉ። እናቴ ለረጅም ጊዜ እጇን በሽርጧ ስትጠርግ ነበር፤ እጇ ደረቅ ነበር።

ቤታችን ደግሞ አባቴ ዕረፍት አልባ ሆነ። ሥራ ቦታው ቅርብ አልነበረም፤ እሱ ግን እኩለ ቀን ላይ ሳይታሰብ ብቅ ይላል። በሩን ከፍቶ ሰላም ሳይለን አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ያሸታል። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ መስኮቱን ይበረግዳል፤ ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን ግድ የለውም። የሲሊንደሩን መዝጊያ ይነካል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነካል። እኔ የእናቴን ምግብ ሊነቅፍ የሚያነፈንፍ መሰለኝ። ‘እሷ ሦስት መቶ ሰው ታበላለች፣ እሱ ደግሞ ገብቶ ያነፈንፍባታል’ ብዬ ደሜ ይፈላል። ሰውየው የሚያነፈንፈው ጋዝ ነበር። በሥራው መሀል፣ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ‘እሷና ልጅቷ ቤት ውስጥ ናቸው’ ብሎ ሲያስብ እጁ ሽቦ መያዝ ያቅተው እንደነበር እናቴ ኋላ ነግራኛለች።

ማታ ራት አካባቢ ሲንሾካሾኩ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

“ሐኪሙ እኮ ጠብቂ ብሎኛል” ትላለች እሷ።

“እስከ መቼ?”

“ስድስት ወርም ይፈጃል፣ ዓመትም ይፈጃል አለኝ። ይመጣል።”

“ካልመጣስ?”

እኔ ይመጣል የተባለው ወንድሜ መሰለኝ። ሐኪም ጠብቂ ብሎ የሚያዝዘው ሌላ ምን አለ? እንዲያውም አሻንጉሊቶቼን ለሁለት ከፍዬ የማካፍለውን ለብቻ አስቀመጥኩ። አባቴ ደግሞ “ካልመጣስ?” እያለ የሚያሟርት ክፉ ሰው ሆነብኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጋዙ አፍንጫዬን መታኝ። ወጥ ቤት ሮጥኩ። ወተት ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ እስስስ እያለ ይወጣል። እናቴ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሬዲዮ ተከፍቷል፤ እሷም አብራ ታንጎራጉራለች። ዓይኗ በሽንኩርቱ እንባ አቅርሯል።

“እማዬ፣ ጋዙ ይሸታል!”

ዘወር አለች። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ጋዙን ዘግታ መስኮቱን ከፍታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይይላትና፣ ሳቀች።

“ጎበዝ! እየፈተንኩሽ እኮ ነው። አለፍሽ!”

አመንኳት። ምን ቁርጥ አድርጎኝ አላምናት? አባቴ እስኪመጣ ሰማይና ምድር ጠበበኝ። ገና ራት ሲቀርብ፣ “ዛሬ የጋዝ ፈተና አለፍኩ! እማዬ አጠገቡ ቆማ ዝም አለች፣ እኔ ግን ከበር ጀምሬ አሸተትኩ!” አልኩት። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቴን አያት። እሷ ሳህኗን አየች። ማንም “ጎበዝ” አላለኝም፤ ቅር አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሲሊንደሩን ፈትቶ፣ አቅፎ፣ ወደ ግቢ አወጣው። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጋዝ አይገባም። ኤሌክትሪክ እንገዛለን” አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ እሳትና ጭድ ሆነ። እናቴ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሰያ እያበሰለች ቀኑን ሙሉ ትከራከራለች። “እሳት ካላየሁ እንዴት ነው የማበስለው? ጋዝ ዝቅ በል ሲሉት ዝቅ ይላል፣ ከፍ በል ሲሉት ከፍ ይላል። ያንተ ኤሌክትሪክ እስኪግል ሰው ይርበዋል፣ እስኪበርድ ድስቱ ያራል። መብራት ሲጠፋስ? ጦማችንን እንደር?” አባቴ ወረቀት አውጥቶ መስመር ይሠራል። ለስቶቩ ብቻውን ወፍራም ሽቦ እዘረጋለሁ፣ የራሱን ማብሪያና ማጥፊያ አደርግለታለሁ፣ ይላል። “መብራት ሲጠፋ ዳቦ እንበላለን።” እሷ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ትመላለሳለች፤ እኔም ከኋላዋ። አንድ ቀን ባዶው ምድጃ ፊት ቆማ፣ “ጋዙን ስታወጣ እኮ ተስፋዬን ነው ያወጣኸው” ስትለው ሰማሁ። ስለ ምግብ የምታወራ መሰለኝ። እሱም ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ሸሸች፤ እኔም ‘እሰይ’ አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችንም ወደ ቤት ዕቃ መደብር ሄድን። ስቶቮቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ባለ ሁለቱ፣ ባለ አራቱ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልኩ መክፈቻቸውን ሁሉ አዞርኩ። ሻጩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይጠይቃል፦ የስንት ሰው ቤት ነው? የድስታችሁ መቀመጫ ጠፍጣፋ ነው? ጠፍጣፋ ካልሆነ ይህ ለስላሳው አይሆንላችሁም፤ ይህ ጥምዝምዙ ግን ሁሉንም ይችላል። ጠብ እንዳለ ሲያይ ደግሞ አስታራቂ ሆኖ መጣ። “ለእናንተ የሚሆነው ቅይጡ ነው። ሦስቱ በጋዝ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል።”

እናቴ ቅይጡን ደባበሰችው። “ይሄ ይሁን” አለች ቀስ ብላ። “አንተም አትሸነፍ፣ እኔም።”

“አንድም የጋዝ አይሆንም” አለ አባቴ። “አንድም።”

“ምን ሆናችሁ ነው የምትጨቃጨቁት?” የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ዘወር ስንል እትዬ ሚዛን ናቸው፤ ለቤታቸው ማንቆርቆሪያ ሊገዙ መጥተው። እናቴ እጇን ከስቶቩ ላይ እንደሌባ አነሳች።

“ስቶቭ ልንገዛ ነው እትዬ።”

“ኤሌክትሪክ” አለ አባቴ።

“ኤሌክትሪክ!” ሳቁ። “ዕድሜዋን በጋዝ ያበሰለች ሴት ቤቷ ኤሌክትሪክ? ይህ ሰውዬ ቀልዱን ነው።”

“ለቀልድ አልመጣንም። ለቤቴ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ።”

ሻጩ እንኳ ደነገጠ። እትዬ ሚዛን ቅንድባቸው ተነሳ። “እሷስ አፍ የላትም?”

“እኔማ ጋዝ ለምጃለሁ” አለች እናቴ፤ መሬት መሬት እያየች። “እሱ ነው።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ጋዝ አልወድም፤ አለቀ።”

“ምን አስፈርቶህ ነው የኔ ወንድም? ቢያፈስስ ይሸታል፤ ሲሸት ይዘጋል። ምን አለው?”

እናቴ ተሸናፊ መስላ ቆማለች፤ አባቴ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ። አለቃዋ ፊት አዋርዷታል! ማንም ካልተናገረላት እኔ አለሁ አልኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ሲያመልጥ ግን መደብሩ ሁሉ ሰምቷል።

“እማዬ ጋዝ ትችላለች! ቢያፈስስ እኔ አሸትላታለሁ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋውን የማሸትላት እኔ ነኝ፣ ቅቤውንም! ባለፈው ጋዙ ቤቱን ሞልቶት እሷ አጠገቡ እየዘፈነች እኔ ነኝ የነገርኳት! እሱ ዝም ብሎ ቀንቶባት ነው!”

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ ሚዛን እናቴን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ተመልሰው እናቴን አዩ። ድምፃቸው እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

የተጠየቅኩት እኔ መሰለኝ። ሙያ ከጀመርኩ ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣቴ ቆጥሬ፣ “አራት ወር!” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

“ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ” አሏት እናቴን። ማንቆርቆሪያውንም ሳይገዙ ወጡ።

እኔ ሹመት መስሎኝ ነበር። አባቴ ጥቁሩን ባለ አራት ኤሌክትሪክ ገዛ። በታክሲ ስንመለስ ካርቶኑ ከእኔና ከእናቴ መሀል ተቀምጧል፤ እሷ እጇን ካርቶኑ ላይ አድርጋ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ታያለች። አባቴ ከፊት ሆኖ ሦስት ጊዜ ዘወር ብሎ አያት። እኔን ማንም አልቆጣኝም። መቆጣት ነበረባቸው እላለሁ ዛሬ፤ አንድ ጥፊ ቢያቀምሱኝ ኖሮ ምናልባት ቶሎ ይገባኝ ነበር።

ሰኞ እናቴ ከሰዓት በፊት ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። አባቴም ሥራ አልሄደም ነበር፤ ከጎኗ ተቀመጠ። ከምድጃው ላይ እንደተነሳች፣ ከእንግዲህ በመስኮት ምግብ የምታድል እንደሆነች፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች።

“ለምን?” አልኩ። “አንቺ እኮ ከሁሉም ትበልጫለሽ! ለምን?”

እናቴ አየችኝ። አፏን ከፈተች። ያኔ ከጠረጴዛው ሥር አባቴ እግሯን ሲረግጣት በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

“በእኔ ምክንያት ነው” አለ ፈጥኖ። “ቅዳሜ ለአለቃዋ ክፉ መለስኩላቸው። ተቀየሙ። ቂማቸውን በእሷ ተወጡ።”

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የማስበው ሁሉ ትክክል ሆኖ አገኘሁት፦ የሚያነፈንፈው፣ ‘ካልመጣስ’ የሚለው፣ እግር የሚረግጠው ሰው። የፈለገውን ስቶቭ ገዛ፣ እናቴንም ሥራዋን አሳጣት። ተነስቼ ወደ ክፍሌ ስገባ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ስፈልግ “ንገሪው” እላታለሁ እንጂ ለራሱ አልነግረውም ነበር። ትምህርቴን ልቀጥል ወደ ሌላ ከተማ ስሄድ ጣቢያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞልኝ ሄደ፤ አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን ያወዛወዝኩት ለእናቴ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ “ለአባዬም ሰላምታ” ብዬ በአንድ መስመር እጨርሰዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ምግብ ስታድል፣ እያንዳንዱን ዓመት በእሱ ላይ ጻፍኩበት።

ባለፈው ዓመት ቤቴን ሳድስ ባለቤቴ ስለ ወጥ ቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ምስኪን፣ ምን ያውቃል? “ጋዙን ትተን ኤሌክትሪክ ብናደርገውስ? ያን አዲሱን፣ መስታወት የመሰለውን” አለ። እኔ ግን ጦር ይዤ ተነሳሁ። ወንድ ሁሉ አንድ ነው፣ አባቴም እናቴን እንዲሁ ነው ያደረጋት፣ በሰው ሙያ ውስጥ እየገባችሁ፣ አልኩ፤ ያላልኩት የለም። እናቴ እኛ ጋ መጥታ ነበር። ከሶፋው ተነሳች።

“በቃሽ!” አለችኝ። “ሃያ ሁለት ዓመት አፌን የዘጋሁት አባትሽ አስምሎኝ ነው። ከእንግዲህ ግን አልችልም፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበለኝ።”

ከጉንፋኑ ጀምራ ሁሉንም ነገረችኝ። አፍንጫዋ እስከዛሬ እንዳልተመለሰ ጭምር። “ያን ሰኞ ልነግርሽ ስል ነው እግሬን የረገጠኝ። ‘ልጅቷ የእናቴን እንጀራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብላ አታድግም’ አለኝ ኋላ።”

ስቶቩን ኤሌክትሪክ አደረግነው። ባለቤቴ ለምን ሐሳቤን በአንድ ጀምበር እንደለወጥኩ አልገባውም፤ አስረዳው ይሆናል አንድ ቀን። እኔ በማግስቱ ወደ አባቴ ሄድኩ።

ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከአንድ አሮጌ ገመድ ላይ የፕላስቲኩን ልባስ በቢላዋ ይገፍፋል። ጡረታ ወጥቷል፤ እጁ ግን ጡረታ አያውቅም። ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። እኔ ዙሪያውን ዞርኩ፤ አበባዎቹን አየሁ፤ የውሃ ቧንቧውን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ ፊቱ ቆምኩ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ምኑን?”

“የእማዬን ሥራ ያሳጣት የእኔ አፍ እንደሆነ።”

ቢላዋው ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም።

“ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር” አለ። “እኔ አርባ አንድ። ለማን ይቀል ነበር?”

“ጠልቼህ እኮ ነው የኖርኩት።” ይህን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። “ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠልቼሃለሁ።”

“አውቃለሁ።”

“እያወቅህ?”

“እኔን ስትጠዪ በር ዘግተሽ ትወጫለሽ” አለ። “ራስሽን ብትጠዪ ኖሮ በየት በኩል ትወጪ ነበር?”

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሱ የገመዱን ጫፍ ዘረጋልኝ።

“በይ ይህን ያዢልኝ፣ ይንሸራተትብኛል” አለ።

ያዝኩለት።